የግንባር ፀጉር መነሻ፦ የዊግ ሥራ ረጅሙ ፈተና

ዊግ ከራስ ቆዳ ጋር የሚገናኘው በዙሪያው ባለው ጠርዝ ነው። የማጅራቱን ጠርዝ ወደ ታች የወረደ ፀጉር ይሸፍነዋል። የጎንና የጎኑን ጆሮና የራስ ፀጉር ይከልሉታል። የግንባሩ ጠርዝ ግን ከለላ የለውም። ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ፊት ለፊት ይተያያልና፣ ፀጉር ከቆዳ የሚለይበት ያ ስስ መስመር ከሁሉ ቀድሞ ለዐይን ይጋለጣል። ከአራት ሺህ ዓመታት በላይ የዊግ ሠሪዎችን ያስጨነቀው ይኸው ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ መስመር ነው። በየዘመኑ የነበሩ ባለሙያዎች ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ተከታትሎ ሲታይ የሙያው ታሪክ ራሱ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ተፈጥሮ ራሷ የግንባርን ፀጉር እንዴት እንደምታበቅል ማየት ያስፈልጋል። የፀጉር መነሻ በስም መስመር ይባል እንጂ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ቀጥ ያለ አይደለም። ከግንባር ቆዳ በኩል ሲጀመር በጣም ለስላሳ፣ አጭርና ፈዘዝ ያለ ፀጉር ይገኛል። ከእሱ ቀጥሎ ነጠላ ነጠላ ሆነው የበቀሉ ወፈር ያሉ ፀጉሮች ይከተላሉ። ወደ አናት ዘለቅ ሲባል ደግሞ ከአንድ ቀዳዳ ሁለትና ሦስት ሆነው የሚወጡት ይበዛሉ። ስለዚህ ቆዳው በአንድ ጊዜ አይሸፈንም፤ እንደ ንጋት ብርሃን ቀስ በቀስ ነው ከግልጥነት ወደ ጥቁረት የሚሸጋገረው። ፀጉሩ ከቆዳው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ፊት አዘንብሎ ይወጣል። ጠርዙ ገባ ወጣ ይላል፤ ግራውና ቀኙም ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። የጎልማሳ ወንድ የፀጉር መነሻ ከልጅነት ቦታው ጥቂት ከፍ ይላል፤ በጆሮ ግንድ በኩልም ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ይህን ሁሉ በጨርቅ፣ በክርና በተለቀመ ፀጉር መልሶ መሥራት ነው የዊግ ሠሪው ፈተና።

ግብፅና ሮም

በጥንታዊት ግብፅ ዊግ ወንድም ሴትም የሚያደርገው የክብር ልብስ ነበር። ብዙዎች ራሳቸውን ይላጩ ወይም ፀጉራቸውን አሳጥረው ይቆርጡ ነበር፤ ይህም ከሙቀትና ከቅማል ያሳርፋቸዋል። በላዩ ላይ ከሰው ፀጉር የተሠራ ዊግ ያጠልቃሉ። ባለሙያዎቹ ፀጉሩን እንደ ሹሩባ በቀጫጭኑ እየጎነጎኑ ከመረብ በተሠራ መደብ ላይ ያስሩታል፤ ሰምና ሙጫ ቀላቅለውም ያጣብቁታል። ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ደርሰዋል። በ1906 በዴር ኤል መዲና የተገኘው የአርክቴክቱ የካ እና የሚስቱ የሜሪት መቃብር ከነዕቃው ሳይዘረፍ የቆየ ሲሆን፣ የሜሪት ዊግ ከነማስቀመጫ ሣጥኑ በጣሊያን በቱሪን የግብፅ ሙዚየም ይታያል። ጉንጉኑ ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ አልፎበትም አልፈረሰም።

የግብፅ ባለሙያዎች የግንባሩን ጠርዝ ለመደበቅ ብዙ አልተጨነቁም። ዊጉ ራስ ላይ እንደተቀመጠ አክሊል ሆኖ መታየቱ ለማንም አያሳፍርም ነበር። የዚህ ምስክር በ1871 በሜይዱም የተገኘው የልዑል ራሆቴፕና የሚስቱ የኖፍሬት ሐውልት ነው። ሐውልቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 ገደማ የተቀረጸ ነው። ኖፍሬት ወፍራም ዊግ አድርጋለች፤ ከዊጉ በታች ግን ግንባሯ ላይ በመሃል ተከፍሎ ወደ ጎንና ጎን የተበጠረ የራሷ ፀጉር በግልጽ ይታያል። ቀራፂው ይህን ያደረገው በስሕተት አይደለም፤ በዘመኑ የተለመደውን አለባበስ እንዳለ ነው ያስቀረው። ሳይታሰብም ይሁን ታስቦ፣ የራስን ፀጉር ከፊት አስቀርቶ ዊጉን ከኋላው ማስጀመር የመጀመሪያው መፍትሔ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ዘዴ ብዙ ቆይቶ፣ በሌላ አህጉር፣ በሌላ ምክንያት ይመለሳል።

በሮም ነገሩ ተለወጠ። ለሮማውያን ወንዶች ራሰ በራነት መሳለቂያ ነበር፤ ስለዚህ የተለጠፈ ፀጉር ዋጋው አለመታወቁ ላይ ሆነ። ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒዩስ ዩልዩስ ቄሣር ከአናቱ ያለውን ሳሳ ያለ ፀጉር ወደ ፊት ያበጥር እንደነበር፣ ምክር ቤቱ ከሰጠው ክብር ሁሉም የሎረል አክሊል ዘወትር የማድረግ መብቱን ይበልጥ ይወደው እንደነበር ጽፏል። አክሊሉ የግንባሩን ባዶነት ይሸፍንለት ነበርና። ያው ጸሐፊ በ69 ዓ.ም. ለሦስት ወራት ብቻ ስለነገሠው ስለ ኦቶ ሲጽፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ፀጉሩ ስለሳሳ ዊግ ያደርግ እንደነበርና ዊጉ በጣም ተስተካክሎ ከመገጠሙ የተነሣ ማንም ለይቶ እንዳላወቀው ይናገራል። የማይታወቅ ዊግ እንደ ሙያ ብቃት ተቆጥሮ ከተጻፈባቸው ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ ይህ ነው። ሁሉም ግን እንደ ኦቶ አልቀናውም። ገጣሚው ማርሻል መላጣ ራሱ ላይ ፀጉር በቅባት የሣለ ሰው ላይ ሲያላግጥ ይገኛል። ሴቶቹ ደግሞ ከሰሜን ከጀርመን ምድር በሚመጣ ወርቃማ ፀጉር ይዋቡ ነበር፤ ኦቪድ ይህን የፀጉር ንግድ በግልጽ ያነሣል።

ጠርዙ የተረሳበት ዘመን

በ17ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የተነሣው የዊግ ባህል መነሻው የነገሥታት የፀጉር መሳሳት ነው። ሉዊ 13ኛ ገና በወጣትነቱ ፀጉሩ ስለረገፈ ዊግ ማድረግ ጀመረ፤ መኳንንቱም ተከተሉት። ልጁ ሉዊ 14ኛ በወጣትነቱ በራሱ ረጅም ፀጉር ይኮራ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ያደረገው ዊግ ክፍት ቀዳዳዎች ያሉት ነበር። በቀዳዳዎቹ የራሱ ፀጉር እየተሳበ ይወጣና ከተቀጠለው ጋር ይደባለቃል። በኋላ ሙሉ ዊግ ማድረግ ሲጀምር አገሩ ሁሉ አብሮት ገባ። በ1673 የፓሪስ ፀጉር አስተካካዮችና ዊግ ሠሪዎች ከቀዶ ሐኪሞች ተለይተው የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቋሙ።

የዘመኑ ዊግ አሠራር በ1767 በታተመው የፍራንሷ አሌክሳንድር ደ ጋርሶ መጽሐፍ በዝርዝር ተገልጿል። መጽሐፉ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ልዩ ልዩ ሙያዎች ካሳተማቸው አንዱ ነው። ባለሙያው ሁለት እንጨቶችን አቁሞ በመካከላቸው የሐር ክሮች ይወጥራል። ጥቂት ጥቂት ፀጉር እየቆነጠረ በክሮቹ መካከል ያጠላልፋል። በዚህም እንደ ነጠላ ዘርፍ ጫፉ የተንጠለጠለ ረጅም የፀጉር ጥልፍልፍ ይወጣል። ከዚያ በደንበኛው ራስ ልክ በተጠረበ እንጨት ላይ የመረብ ቆብ አልብሶ፣ ዙሪያውን በጥብጣብ ከፍኖ፣ ጥልፍልፉን ረድፍ በረድፍ ይሰፋዋል።

ይህ አሠራር ጠንካራ ዊግ ይሰጣል፤ ግንባር ላይ ግን ወፍራም ጠርዝ መተው ግድ ነው። ፀጉሩ ከቆዳ የበቀለ ሳይሆን ከጥብጣብ ላይ የተነሣ መሆኑ ይታያል። የዘመኑ ሰው ይህን እንደ ነውር አላየውም። ዊጉ የማዕረግ ምልክት ሆኖ በዱቄት ነጭ ተደርጎ በግልጽ ይደረግ ነበርና የማስመሰል ግዴታ አልነበረበትም። ይሁን እንጂ በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ አዲስ ፍላጎት ብቅ አለ። ወንዶች ከግንባራቸው በላይ ያለውን የራሳቸውን ፀጉር እያሳደጉ በዊጉ ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ ማበጠርና በዱቄትና በቅባት ከዊጉ ጋር ማመሳሰል ጀመሩ። ያ ከግንባር በላይ የሚቆመው ፀጉር በፈረንሳይኛ ቱፔ ይባል ነበር። ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች ለወንዶች ከፊል ዊግ የሚሰጠው ስም የተወሰደው ከዚህ ቃል ነው። የሙያው ዋና ዕቃ ስሙን ከግንባር ፀጉር ማግኘቱ ችግሩ የት እንደነበረ ይናገራል።

የዊግ ባህል ሲያከትም በፍጥነት አከተመ። በ1765 የለንደን ዊግ ሠሪዎች ሥራ ስላጡ ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ አቤቱታ አቀረቡ። በፈረንሳይ አብዮቱ የመኳንንቱን ዊግ ከነባለቤቱ አዋረደው። በ1795 የእንግሊዝ መንግሥት በፀጉር ዱቄት ተጠቃሚዎች ላይ በዓመት አንድ ጊኒ ግብር ሲጥል ዱቄቱም ተጣለ። ከዚያ በኋላ ዊግ የሚፈልገው በአብዛኛው ፀጉሩ የረገፈበትና ይህም እንዳይታወቅበት የሚሻ ሰው ሆነ። በግልጽ ይደረግ የነበረው ዊግ መደበቅ ሲኖርበት፣ ለመቶ ዓመታት ተረስቶ የቆየው የግንባር ጠርዝ እንደገና የሙያው ማዕከል ሆነ።

የጃፓን መንገድ

የፈረንሳይ የዊግ ባህል በተነሣበት በ17ኛው መቶ ዘመን በሌላው የዓለም ጫፍ ተመሳሳይ ጥያቄ ፍጹም በተለየ ምክንያት ተነሣ። የጃፓን መንግሥት በ1629 ሴቶች በካቡኪ ቴአትር መድረክ እንዳይወጡ ከለከለ። የሴት ገጸ ባሕርያትን ወጣት ወንዶች መጫወት ጀመሩ፤ በ1652 እነሱም ታገዱ። ቴአትሩ እንደገና ሲፈቀድ ተዋንያኑ እንደ ማንኛውም ጎልማሳ ወንድ የግንባራቸውን ፀጉር እንዲላጩ ታዘዘ። ለሴት ገጸ ባሕርይ ተዋናይ የግንባር ፀጉር ማጣት ትልቅ ጉዳት ነበር። መፍትሔ ሆኖ የመጣው ሐምራዊ የሐር ጨርቅ ነው፤ የተላጨውን ቦታ በዚህ ጨርቅ ይሸፍኑት ነበር። ጨርቁ በጊዜ ብዛት ራሱ የውበት ምልክት ሆነ፤ ዛሬም በአንዳንድ የቆዩ ተውኔቶች ውስጥ ይታያል።

ዊጉ እያደር ሲሻሻል የካቡኪ ባለሙያዎች ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው ባለሙያ የተዋናዩን ራስ እየለካ ከመዳብ ስስ ቆብ ይቀጠቅጣል፤ ፀጉሩንም በላዩ ይተክላል። ሁለተኛው ደግሞ ለገጸ ባሕርይው ማዕረግና ዕድሜ በሚስማማ መንገድ ፀጉሩን ይሠራል። ለተፈጥሯዊ መልክ ሲፈለግ ፀጉሩ በስስ የሐር ጨርቅ ላይ ጥቂት በጥቂት እየተተከለ ከመዳቡ ጋር ይጣበቃል። በዚህ መንገድ የግንባሩ መነሻ ከወፍራም ጠርዝ ተላቅቆ እንደ በቀለ ፀጉር ለመምሰል በቃ።

መረብና ኪሮሽ

የአውሮፓ ባለሙያዎችን ከጥብጣብ ጠርዝ ያላቀቃቸው የቋጠሮ አሠራር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን እየተስፋፋ የሄደው ይህ ዘዴ ዳንቴል ለምታውቅ የኢትዮጵያ ሴት እንግዳ አይሆንባትም። ባለሙያው ከኪሮሽ በጣም የቀጠነ፣ ጫፉ የተቆለመመ መርፌ ይይዛል። መርፌውን በመረቡ ዐይን አስገብቶ ፀጉር ይስባል፤ በመረቡ ክር ላይ ጠምዝዞም ይቋጥረዋል። ዘርፍ መስፋት ቀርቶ ፀጉሩ ከመረቡ ዐይን አንድ በአንድ የሚበቅል ይሆናል። አንድ ሙሉ ዊግ ብዙ ሺህ ቋጠሮ ይፈልጋል፤ በእጅ ብቻ የሚሠራ ሰውም ለረጅም ቀናት ይደክምበታል።

ዘዴው እንዲሠራ ስስ፣ እኩልና የማይዛነፍ መረብ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያስገኘው እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት ነው። እሱ በ1808 እና በ1809 የባለቤትነት መብት ያገኘባቸው ማሽኖች እስከዚያ ድረስ በእጅ ብቻ ይሠራ የነበረውን ባለ ስድስት ማዕዘን መረብ ማምረት ቻሉ። በ1816 በማሽኖች ላይ የተነሡ ሠራተኞች በላፍቦሮ የነበረውን ፋብሪካውን ሰባበሩበት፤ እሱም ወደ ቲቨርተን ከተማ ተሰድዶ ሥራውን ቀጠለ። ለልብስ ታስቦ የተሠራው መረብ ለዊግ መደብም ምቹ ሆኖ ተገኘ። ፀጉሩ ደግሞ ከገጠር ይመጣ ነበር። በፈረንሳይ ብሪታኒ ግዛት ነጋዴዎች በገበያ ቀን እየዞሩ የድሃ ልጃገረዶችን ፀጉር በሻሽና በጥቂት ገንዘብ ይሸምቱ ነበር።

ቋጠሮው የአውሮፓን ባለሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጥሮን ሕግ እንዲከተል አስቻለው። ከኋላ ብዙ ፀጉር በአንድ ቋጠሮ ያስራል፤ ወደ ግንባር ሲቀርብ ቁጥሩን ይቀንሳል፤ በመጨረሻው ረድፍ በአንድ ቋጠሮ አንድ ፀጉር ብቻ ይተዋል። የቋጠሮው አቅጣጫ ፀጉሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ይወስናል። ከግንባር እስከ አናት የሚታየው ቀስ በቀስ የመጠቆር ሂደት በአውሮፓውያን እጅ ሊሠራ የቻለው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ከመድረክ ወደ ካሜራ

የአውሮፓ ቴአትር ለረጅም ጊዜ በቀላል መፍትሔ ይረካ ነበር። የራሰ በራ ወይም የሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ዊግ ከፊት በኩል የሥጋ ቀለም ያለው ጨርቅ ይሰፋበታል፤ ተዋናዩ ጨርቁን ግንባሩ ላይ አጣብቆ ከቆዳው ጋር በቀለም ያመሳስለዋል። በርሊናዊው ሉድቪክ ላይሽነር በ1873 ፋብሪካ አቋቁሞ ማምረት የጀመረው የቅባት ቀለም ለዚህ ሥራ በጣም ተስማሚ ነበር። ማጣበቂያውም ሙጫ በአልኮል እየሟሟ የሚሠራ ነው። የመድረኩ መብራት ደካማ፣ ተመልካቹም ሩቅ ስለነበር የጨርቁ ጠርዝ ብዙም አይታይም።

ካሜራ ይህን ርቀት አጠፋው። የፊልም ካሜራ የተዋናዩን ፊት ቀርቦ ሲያነሣና ምስሉ በግዙፍ ሸራ ላይ ሲዘረጋ፣ የግንባር ጨርቅ ጠርዝ እንደ ጠባሳ ጎልቶ ወጣ። በለውጡ ስሙ የሚነሣው ማክስ ፋክተር ከልጅነቱ በፖላንድ የዊግ ሥራ ተምሮ በ1904 ወደ አሜሪካ የተሰደደ ባለሙያ ነው። በሎስ አንጀለስ ሱቅ ከፈተ። በ1914 ለወጣው የሴሲል ቢ. ደሚል ፊልም ‹ዘ ስኳው ማን› ከእውነተኛ የሰው ፀጉር የተሠሩ ዊጎችን አከራየ። ዊጎቹ ውድ ስለነበሩ ልጆቹ በፊልሙ ውስጥ እየታዩ እንዲጠብቋቸው ማድረጉ ይነገራል። በ1930ዎቹ በሆሊውድ የግንባሩ ጠርዝ ከቆዳ በማይለይ ስስ መረብ የሚሠራ ዊግ ተለመደ። ፀጉሩ በመረቡ ላይ ይቋጠራል፤ ከፀጉሩ ፊት የሚተርፈው ባዶ መረብ ግንባር ላይ ይጣበቃል፤ መዋቢያ ሲቀባበት ይጠፋል።

ዘዴው ከፊልም ስቱዲዮ ወደ ተራ ሰው ቤት እስኪደርስ ጊዜ ወስዷል። ከ1962 ጀምሮ የጄምስ ቦንድን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ሾን ኮነሪ በፊልሞቹ ውስጥ ከፊል ዊግ ያደርግ ነበር፤ ብዙ ተመልካች ግን አላወቀም። በዚያው ዘመን በሱቅ የሚሸጠው የወንዶች ዊግ ወፍራም ጠርዝ ስለነበረው ከሩቅ ይለይ ነበር። ልዩነቱ በገንዘብና በሰዓት የሚለካ ነው፤ በእጅ የተቋጠረ ስስ ግንባር ለብዙዎች ኪስ ከባድ ነበር።

ዋጋውን ያወረደው ምርቱ ወደ እስያ መሄዱ ነው። በ1960ዎቹ ደቡብ ኮሪያ ከዋና ዋና የውጭ ንግድ ዕቃዎቿ አንዱን ዊግ አደረገች። በኋላ ሥራው ወደ ቻይና ተሸጋግሮ በሄናን ግዛት ሹቻንግ እና በሻንዶንግ ግዛት ቺንግዳው ከተሞች ተከማቸ። ከጥሬ ዕቃው ከፊሉ ከሕንድ ይመጣል፤ በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ምእመናን ለስእለት የሚላጩት ፀጉር በጨረታ ይሸጣል። ዛሬ በዓለም ገበያ ያለ አንድ የግንባር መረብ ፀጉሩ በአንድ አገር የተላጨ፣ በሌላ አገር የተቋጠረ፣ በሦስተኛው አገር ተቆርጦ የሚደረግ ነው።

የተተወው ፀጉርና የግንባር መረብ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኦሃዮ ግዛት ትኖር የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት ክርስቲና ጄንኪንስ ፀጉርን ከራስ ፀጉር ጋር ሰፍቶ የማያያዝ ዘዴ ፈጥራ በ1952 የባለቤትነት መብት አገኘች። የሴቲቱ የራስ ፀጉር ይጎነጎናል፤ የተጠላለፈው ፀጉር በጉንጉኑ ላይ ይሰፋል። በዚህ ዘዴም የግንባሩ ችግር አልቀረም፤ የስፌቱ ጠርዝ ይታያል። መፍትሔው ጥቂት የራስ ፀጉርን ከፊት ሳይጎነጉኑ መተውና ስፌቱን በእሱ መሸፈን ሆነ። ኖፍሬት ከአራት ሺህ አምስት መቶ ዓመታት በፊት ግንባሯ ላይ ያስቀረችው ፀጉር በኒውዮርክና በሺካጎ የፀጉር ቤቶች ተመልሶ መጣ።

ዘዴው ግን ዋጋ አስከፈለ። ከፊት የተተወው ፀጉር ከተሰፋው ጋር እንዲመሳሰል በየቀኑ ይተኮሳል፤ በሙቀቱም ይጎዳል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፊልሙ መረብ በጥቁር አሜሪካውያን ድምፃውያንና ተዋንያን በኩል ወደ ሰፊው ሕዝብ ወረደ። ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚደርሰው ሰፊ መረብ ፍሮንታል ተባለ፤ የተለመደው መጠን 33 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። ለፀጉር ክፋይ ብቻ የሚሆነው ትንሹ ክሎዠር 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። እነዚህ ስሞች ‹ሂውማን ሄር› ከሚለው የተለመደ ስያሜ ጋር ወደ አዲስ አበባ የፀጉር ቤቶችም ዘልቀዋል። በወንዶች በኩል ደግሞ ከመረብ ሌላ እጅግ ስስ የፖሊዩሬቴን ልባስ መደብ ሆነ። በዚህ ላይ ፀጉሩ ያለ ቋጠሮ ታጥፎ ይተከላል፤ ጠርዙም ከቆዳው ላይ ተጣብቆ ይጠፋል።

የመጨረሻው ቆረጣ

ፋብሪካው የሚልከው ያላለቀ ሥራ ነው። መረቡ ከፀጉሩ ፊት ትርፍ ይዞ ይመጣል፤ መነሻው በጣም ቀጥ ያለና በጣም የታጨቀ ነው። ለአንድ የተለየ ፊት እንዲሆን የሚያደርገው የመጨረሻው ባለሙያ እጅ ነው፤ የሚሠራውም በቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ የመነሻው ቦታ ይወሰናል። ለወንዶች ብዙ ጊዜ ስስ ፕላስቲክ ራስ ላይ ተጠቅልሎ በማጣበቂያ ቴፕ ይጠነክራል፤ በላዩም መስመሩ በእስክሪብቶ ይሣላል። ይህ ቅርጽ የመደቡ ልክ ይሆናል። በዚህ ደረጃ የሚሠራ ስሕተት ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። የተለመደው ስሕተት መነሻውን ዝቅ አድርጎ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግንባር ለሃምሳ ዓመት ሰው መስጠት ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ በጆሮ ግንድ በኩል ጥቂት ገባ ያለ መስመር ይተዋል፤ ዕድሜ ለፊት የሰጠውን ቅርጽ ያከብራል።

ሁለተኛው ሥራ ቋጠሮዎቹን ማንጣት ነው። ጥቁር ፀጉር በመረብ ላይ ሲቋጠር እንደ ነጠብጣብ ይታያል። የቀለም ማስለቀቂያ ዱቄት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ወፈር ተደርጎ ተቦክቶ በመረቡ ውስጠኛ ፊት ይቀባል። ከቀጠነ ወደ ፀጉሩ ሰርጎ ሥሩን ያቀላዋል፤ ከቆየ ቋጠሮውን ያላላና ፀጉሩን ያረግፋል። ስለዚህ በየደቂቃው እየታየ ይታጠባል።

ሦስተኛው ማሳሳት ነው። በወረንጦ ከመጀመሪያው ረድፍ ጥቂት ወደ ኋላ እየተገባ፣ ቦታ እየተለዋወጠ፣ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይነቀላል። በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መንቀል መረቡን ይበሳል ወይም ባዶ ቦታ ይተዋል። ጥሩ ባለሙያ ጥቂት ነቅሎ ፀጉሩን ያበጥራል፤ ራቅ ብሎ አይቶም ይቀጥላል። የተነቀለ ፀጉር አይመለስምና ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ደረጃ ነው።

ትርፉ መረብ የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ዊጉ ራስ ላይ ተቀምጦ ልኩ ከታየ በኋላ መረቡ በክፍል በክፍል ይቆረጣል። ቀጥ ያለ ቆረጣ ብርሃን ሲያርፍበት መስመር ሠርቶ ይታያል፤ ስለዚህ መቀሱ ገባ ወጣ እያለ ይሄዳል፤ አንዳንዶች ጥርስ ያለው የልብስ ስፌት መቀስ ይጠቀማሉ። መቀሱ የመጀመሪያውን የቋጠሮ ረድፍ ከነካ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ከራቀ ደግሞ የተረፈው መረብ ይነሣል። ደግመው ደጋግመው የሚደረጉ የፊልምና የቴአትር ዊጎች ላይ ጠርዙ በማጣበቂያና በማስለቀቂያ ስለሚያልቅ ሰፋ ያለ መረብ ይተዋል።

በመጨረሻ ከፊት ያለው ፀጉር ይከረከማል። ጥቂት ቀጫጭን ፀጉሮች አጥረው ከግንባሩ እንዲወርዱ ይደረጋል፤ ይህ በተፈጥሮ የሚበቅለውን ለስላሳ ፀጉር ይመስላል። ሲበዛ ግን ራሱ ዊግ መሆኑን ያሳብቃል።

የራስ ፀጉር ዋጋ

የሙያው ታሪክ አንድ የሕክምና ምዕራፍም አለው። በ1907 ትረቢች የተባለ ኦስትሪያዊ ግሪንላንድ ውስጥ ፀጉራቸውን አጥብቀው ወደ አናት የሚያስሩ ሴቶች በግንባራቸውና በጆሮ ግንዳቸው በኩል ፀጉር እንደሚረግፋቸው ጻፈ። ዛሬ ሐኪሞች ይህን በመሳብ የሚመጣ የፀጉር መርገፍ ይሉታል። የሚመጣው ከጠበቀ ሹሩባ፣ ከከበደ ቅጥያ፣ በየጊዜው ከሚነሣ ማጣበቂያም ነው። መጀመሪያ የሚያጠቃው ከሁሉ ለስላሳ የሆነውን የግንባር ጠርዝ ነው። በጊዜ ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይጠፋል፤ መመለሻም የለውም። ሹሩባ ከልጅነት በሚጀመርበት በኢትዮጵያም ይህ ጉዳት እንግዳ አይደለም።

በካንሰር ሕክምና ፀጉሯ ለረገፈባት ሴት፣ በቃጠሎ ራሱ ለተጎዳ ሰው፣ በወጣትነቱ ለተመለጠ ጎልማሳ ጥሩ የግንባር መነሻ ከመዋቢያነት ያለፈ ነው፤ ወደ ሰው መካከል ለመውጣት ድፍረት ይሰጣል። የግብፅ ጉንጉን፣ የጃፓን መዳብ፣ የሂዝኮት መረብና የባለሙያው ወረንጦ የተደከመባቸው ለዚህ ነው። ይሁንና ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጠርዝ ከራስ ቆዳ የበቀለው ነው። የበቀለላት ሁሉ እንዳታጣው ሹሩባውን ታላላው፤ ማጣበቂያውን ሳትስብ በማስለቀቂያ ታንሣው፤ ግንባሯ ሲቆጣ ወይም ሲያሳክካት ዊጉን ለጥቂት ሳምንታት ታሳርፈው።